ከእጄ ተቀበል

ሰው ሞተ ሲባል ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ ከዚያ ሰው ወደየሥራው ይመለሳል። ሰው ጠፋ ሲባል ግን ምን እንደሚደረግ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከካማሺ በኩል የመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ሹፌሩን የመጠየቅ ልማድ አለኝ። የአሶሳ ሹፌሮች ለምደውኛል፤ አንዳንዶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባለፈው ወር ግን አንዱ ራሱ ጠርቶኝ፣ «መምህርት፣ ያ ደርቆ የነበረው ቀርከሃ እኮ በቀለ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የማስተምረውም የምመራመረውም ስለ ቀርከሃ ነው። «ሌላስ?» አልኩት። ስለ ማን እንደምጠይቅ ያውቃል። «ሌላ የሰማሁት የለም» አለና የመኪናውን መስታወት መጥረግ ጀመረ።

የምጠይቀው ስለ ባበክር ነው።

ባበክርን ያወቅሁት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። እሱ ያኔ አራተኛ ዓመት ነበር። የመንጌ ልጅ ነው፣ በብሔሩ በርታ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ የቸኮለ የማይመስል፣ ግን ማንም የማይደርስበት። ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ ነበር። ክልሉ ራሱ ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግማሹ ሕንፃ ቀለም አልነካውም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከነካርቶናቸው የተቀመጡ ዕቃዎች አቧራ ይጠጣሉ፤ መምህራኑም አብዛኞቹ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ አንድ እግራቸው መናኸሪያ ያለ ነበሩ። እኛ ተማሪዎች ምርምር የሚባለው ነገር የመምህራን ጉዳይ ነው ብለን እናምን ነበር። የእኛ ድርሻ ኖት መገልበጥ፣ መፈተንና የካፌ ሰልፍ ላይ መጨቃጨቅ ነው።

ይህን የቀየሩት ባበክርና ጥቂት ጓደኞቹ ናቸው። ታናናሾቻቸውን እየፈለጉ ምርምር ከሚሠራ መምህር ጋር ያገናኙ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። ቢሮም የላቸውም ልል ነበር፤ አላቸው እንጂ፣ ከሬጅስትራር ጀርባ ያለው ትልቁ የማንጎ ዛፍ። «የባበክር ቢሮ» ይባል ነበር። ማንጎ ሲደርስ ጣሪያው ባለጉዳዩ አናት ላይ የሚወድቅ ብቸኛው ቢሮ እያልን እንስቅበት ነበር።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። አሶሳ መመደቤን ስሰማ አልቅሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩትም ዝውውር እየጠየቅሁ ነው። ወደ ማንጎው ዛፍ የጎተተችኝ የዶርሜ ልጅ ናት። ባበክር ቀና ብሎ አየኝና ከኪሱ ለውዝ ዘግኖ ሰጠኝ። ለውዝ ሳያስጨብጥ ከሰው ጋር ወሬ አይጀምርም ነበር።

«ስምህ ማን ነው?»

«ሕይወት።»

«ሕይወት፣ እዚህ አገር ምን ገረመህ?»

ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚለው። ቤቱ የሚናገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር፤ ኋላ ግን «አንቺ» ቢለኝ ኖሮ የተጣላን ይመስለኝ ነበር። «ምን ማጥናት ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምን ገረመህ?

«ሙቀቱ» አልኩት።

«ሙቀትማ መምህራኑን ሁሉ ገርሟል፤ ለዚያ ነው ዝውውር የሚጠይቁ። ሌላ።»

ካሰብኩ በኋላ፣ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስንመጣ መንገድ ዳር ያለው ቀርከሃ ጫፍ ጫፉ ላይ የስንዴ ዛላ የመሰለ ነገር አውጥቶ ማየቴን ነገርኩት። በእኛ በኩልም ቀርከሃ ሞልቷል፤ እንዲህ ሲያደርግ ግን አይቼ አላውቅም።

ባበክር ማኘኩን አቆመ። «የት ጋ? ብዙ ነው ወይስ አንድ ሁለት?»

«እስከ ዳገቱ ድረስ ሁሉም እንደዚያ ነው።»

እጁ ላይ የቀረውን ለውዝ ወደ ኪሱ መለሰው። «የአባቴ ቤት ከቀርከሃ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አጥሩ፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ ቀርከሃ ነው። ክረምት ሲገባ ቡቃያውን እንበላለን። ግን አበባ አላየሁም። አያቴ አንድ ጊዜ ብቻ አይቷል። ቀርከሃ የሚያብበው ሊሞት ሲል ነው። አንዱ ብቻ አይሞትም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አይጥ ይመጣል፣ ፍሬውን ሊበላ። ከዚያ ደግሞ ሰው አገሩን ትቶ ይሄዳል።» ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። «በል ና። አንተ ጥያቄ አለህ።»

ያን ቀን ወደ መምህር ደረጀ ቢሮ ወሰደኝ። መምህር ደረጀ የደን ሳይንስ አስተማሪ ነው፣ ቁጡ፣ ልቡ ግን ቅን። ባበክር አንኳኩቶ ገባ፤ ያየሁትን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ ከዚያም አንጓዬን ይዞ እጄን በመምህሩ እጅ ላይ አስቀመጠው። «ከእጄ ተቀበል» አለው። እኔ በኀፍረት ቀላሁ። መምህር ደረጀ ሳቁን እየዋጠ፣ «እሺ፣ ከእጅህ ተቀብያለሁ» አለ። ለካ ሁሉም መምህራን ለምደውታል። ተማሪን ለማንም ቢሰጥ እጅ በእጅ ነበር የሚሰጠው። ተማሪው ሥራውን ሲጨርስም እንዲሁ መጥቶ ከመምህሩ እጅ ይወስደዋል።

ሌላም ሕግ ነበረው። ተማሪ ብቻውን መስክ አይወጣም። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሌላው ባዕድ። ከእኔ ጋር ያጣመረው ጎሹን ነው፤ ከካማሺ በኩል የመጣ የጉሙዝ ልጅ፣ በሳምንት አንዴ ቢናገር የሚደክመው። «ጎሹ አገሩን ያውቃል፣ ስለዚህ አይጠይቅም» አለኝ ባበክር። «አንተ ምንም አታውቅም፣ ስለዚህ ትጠይቃለህ። ሁለታችሁ ሆናችሁ አንድ ደህና ተማሪ ትወጣላችሁ።» ጎሹ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያ ዓመት አበባው ከባምባሲ አልፎ በየቦታው ወጣ። መምህር ደረጀ እንቅልፍ አጣ። ጫካው ከመሞቱ በፊት ፍሬው መሰብሰብ፣ የሚያብበውና የማያብበው መለየት አለበት፤ አንድ ጊዜ ካመለጠ ሌላ ዕድል በእድሜያችን ላይኖር ይችላል ይላል። በካማሺ በኩል ሁለት ቦታ ተመረጠ። አንዱ የእኔና የጎሹ ነው። ሌላው ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ በእግር ብቻ የሚደረስ መንደር ነበር፤ እዚያ የተመደቡት እንደኛው የተጣመሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ሚኪያስና ጓደኛው ናቸው። አራታችንንም የመረጠን ባበክር ነው፤ ሁለቱንም መንደሮች የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ሁለተኛ ዓመት ሳለ ምርምር የጀመረው እዚያ ነበር፤ ያኔ ባዕዱ እሱ ነበር።

ጊዜው ግን ጥሩ አልነበረም። አሶሳ ላይ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያውቃል። ድሮ በየመንገዱ ያድሩ የነበሩ ሹፌሮች ሳይመሽ መመለስ ጀምረዋል። ወደ ጉባ ለግድቡ ሲሚንቶ የሚጭኑት ከባድ መኪናዎች ተጠባብቀው በአጀብ ነው የሚወጡት። ስለ ካማሺ መንገድ የጠየቅነው ሰው ሁሉ «አሁንስ ደህና ነው» ይለናል። «አሁንስ» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም።

መንገዱ በባምባሲ ወጥቶ፣ ኦሮሚያን አቋርጦ፣ ተመልሶ ወደ ክልላችን ይገባል። ቀኑን ሙሉ ስንሄድ ባበክር ከሹፌሩ ከጋሽ ታደሰ አጠገብ ተቀምጦ ቀርከሃውን እያየ ነበር። መንደሩ ስንደርስ ሚኪያስና ጓደኛው መኪናው ጋ ቀሩ፤ እኛን ባበክር አባ ባየታ ወደሚባሉ ሽማግሌ ቤት ወሰደን። አጭር ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ፈዟል፤ ባበክርን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። እጅ በእጅ መስጠትን ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን ያኔ ገባኝ። የመንደሩ ልማድ ይሁን የራሳቸው ጠባይ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ብቻ አባ ባየታ ከሰው እጅ ያልተቀበሉትን እንግዳ ቤታቸው አያሳድሩም።

ባበክር አንጓዬንም የጎሹንም ያዘና እጃቸው ላይ አኖረ። «ከእጄ ተቀበል።»

«እስከ መቼ?» አሉ አባ ባየታ። አማርኛቸው ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው።

«ፍሬው እስኪረግፍ።»

«ማን ነው የሚወስድ?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ቢመጣ?»

በዚያ ሰሞን ከመኪና እየወረዱ ማንነታቸው ስለተጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ስላልታዩ ሰዎች ይወራ ነበር። ባበክር እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጎሹን። «አትስጥ» አለ። «ወረቀት ቢይዝ አትስጥ። መኪና ቢይዝ አትስጥ። እኔ ካልመጣሁ አትስጥ።»

«ከእጅህ ተቀበልኩ» አሉ ሽማግሌው።

ባበክር ለውዙን ለእኔ ገልብጦ ሰጠኝና፣ እነሚኪያስን ይዞ የወንዙን ቁልቁለት ያዘ። እዚያም ይህንኑ ቃል ለሌላ ሰው እንደሚናገር አውቅ ነበር። በዚያን ሰዓት ልቤን ያሳረፈው ነገርም ይኸው ነበር። በማግስቱ ተመልሶ በዚያው መኪና ወደ አሶሳ ሄደ።

የቀርከሃ አበባ የሚያምር ነገር አይደለም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ቅጠሉ እየረገፈ፣ ግንዱ እየገረጣ፣ ዛላው ብቻ ይቀራል። ነፋስ ሲነካው ጫካው በሙሉ ይንኳኳል። ቀን ቀን ምልክት እናስራለን፣ ፍሬ እንለቅማለን፣ በጨርቅ ከረጢት እንሰበስባለን። የመንደሩ ሴቶችም ፍሬውን እየለቀሙ ይፈጩት ነበር። አባ ባየታ ግን አፋቸው አላስገቡትም። «አባቴ በላ፣ ከዚያ ተሰደደ» አሉኝ። እኔም ከዚያ በኋላ አልቀመስኩም፤ ሳይንስ ተማሪ ነኝ ብዬ ብኩራራም ሆዴ እሺ አላለኝም።

አይጦቹ መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሳይፈሩ፣ በእግራችን መካከል ያልፋሉ። ከዚያ ገበያው ሳሳ። ጨውና ሳሙና የሚያመጣው ነጋዴ አንድ የገበያ ቀን ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቀረ። ከጉብታው ላይ ስንወጣ ይገኝ የነበረው የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ሰዎች ወደ አባ ባየታ ደጅ እየመጡ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ።

«ምን አሉ?» እለዋለሁ ጎሹን።

«ስለ አይጥ ነው።»

ጎሹ መዋሸት አይችልበትም። ጆሮው ይቀላል ለማለት እንኳ የእሱ ጆሮ አይቀላም፤ ግን ዓይኑን ወደ መሬት ይተክላል። በሌላ ቀን ስጠይቀው አሁንም «ስለ አይጥ ነው» አለኝ። ሦስተኛ አልጠየቅሁትም። ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አባ ባየታ ወደ ጫካው እንዳንሄድ ከለከሉን። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ እኛን ከኋላ አድርገው፣ መንገዱን እያዩ ይውላሉ።

መኪናው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጋሽ ታደሰ ነበር። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደና፣ «ቶሎ ዕቃችሁን አውጡ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው፣ መምህር ደረጀ ልኮኝ ነው» አለ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ይዟል። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። አባ ባየታ ግን በሩ ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን ዘረጉ።

«ባበክር የት ነው?» አሉ።

«አሶሳ ነው። አባቴ፣ ጊዜ የለም! እኔን ያውቁኝ የለ? እኔ አይደለሁ ያመጣኋቸው?»

«አንተ መኪና ነዳ። የሰጠኝ ባበክር ነው።»

ጋሽ ታደሰ ለመነ። ተቆጣ። ደብዳቤውን እያነበበ አስረዳ። ጎሹ በገዛ ቋንቋቸው ተንበርክኮ ተናገራቸው። ሽማግሌው አንድ በአንድ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወረቀት ቢይዝ አትስጥ አለ። መኪና ቢይዝ አትስጥ አለ። እኔ ሰጥቼ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ባበክር ነገ መጥቶ ልጆቼ የት አሉ ቢለኝ ምን እላለሁ?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ከሁላችንም በላይ የፈሩልን እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ታደሰ እያጉረመረመ መኪናውን አዞረና ባበክርን ሊያመጣ ሄደ። የአቧራው ጅራት ሲጠፋ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባ ባየታ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

ባበክር በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ልብሱ በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አባ ባየታ ከበርጩማቸው ተነሱ። እጃችንን ያዙና እጁ ላይ አኖሩ።

«ከእጄ ውሰድ» አሉ።

«ከእጅህ ወሰድኩ፣ አላህ ይስጥህ።»

ከዚያ ወደ መኪናው ወሰደን። በሩን ከፈተ፣ አስገባን፤ እሱ ግን አልገባም። «ጋሼ፣ አንተ ሂድ» አለው ሹፌሩን። «ከታች ሁለት አሉኝ።»

ጋሽ ታደሰ መሪውን በመዳፉ መታው። «ባበክር፣ አትበድ! ምናልባት እነሱ ወጥተው ይሆናል። በዚያ በኩል የሚወጣ ሰው አይጠፋም።»

«እንዴት ይወጣሉ? አትስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ አልሰጡህም፤ እዚያ ይሰጣሉ?»

«ደውልላቸውና...»

«በየት ኔትወርክ?»

«እሺ እኔ ልጠብቅህ።»

«ብትጠብቅ እነዚህም ይቀራሉ። እኛ በወንዙ በኩል እንወጣለን። ኸላስ፣ አለቀ።»

ጎሹ ከመኪናው ሊወርድ በሩን ከፈተ፤ «አብሬህ እሄዳለሁ፣ ብቻን አይኬድም ያልከው አንተ ነህ» አለው። ብዙ የተናገረው ያን ቀን ነው። ባበክር በሩን መልሶ ዘጋው። «አንተን አሁን ነው የወሰድኩህ» አለው። «ተመልሰህ ከጠፋህ ለአባ ባየታ ምን እላለሁ?»

ከዚያ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ አንጓዬን ያዘ፤ የጎሹንም ያዘ፤ ሁለቱንም በጋሽ ታደሰ ቀኝ እጅ ላይ አኖረ። «ከእጄ ተቀበል።» ጋሽ ታደሰ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ እጃችንን አጥብቆ ያዘ። «ተቀብያለሁ ወንድሜ» አለ። ባበክር ኪሱን ዳበሰ። ለውዝ አልነበረውም። ባዶ መዳፉን አሳየኝና ፈገግ አለ።

የወንዙ መንገድ ወደ ቀርከሃው ውስጥ ይገባል። መኪናው ሲዞር በኋላ መስታወቱ አየሁት። እንደ ልማዱ ሳይቸኩል እየተራመደ ነበር፤ ፍሬው ትከሻው ላይ ይረግፋል። ዞር ቢል ብዬ ተመኘሁ። አልዞረም።

አሶሳ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ጋሽ ታደሰ በየኬላው እጁን ከመሪው እያነሳ እኛን ይነካን ነበር፤ መኖራችንን የሚያረጋግጥ ይመስል። በግቢው በር ገብተን ወደ ወንዶች ዶርም ስንታጠፍ፣ ጎሹ ድንገት «አቁም!» ብሎ ጮኸ።

ሚኪያስ የውሃ ቧንቧው ጋ ቆሞ ልብሱን ያጥብ ነበር።

ጓደኛውም አጠገቡ ነበር፣ ካልሲ እያሰጣ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ያሳደሯቸው ሰው ወሬው ሲከፋ ባበክርን መጠበቅ አላስቻላቸውም። ማሽላ ጭኖ ለሚወጣ ነጋዴ እንደ ልጆቻቸው አደራ ብለው ሰጥተዋቸው፣ በጀልባ ወንዙን ተሻግረው፣ በሌላ መንገድ ዞረው ገብተዋል። እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብለው ነው የገቡት። ባበክር በዚያ ቁልቁለት ሲወርድ እነሱ መንደሩን ከለቀቁ ቆይተው ነበር። የወረደው ማንም ወደሌለበት ነው።

ሚኪያስ ሳሙና እጁ ላይ እንዳለ እየሳቀ ወደ መኪናው መጣ። ወደ ውስጥ አየ። ወደ ኋላ ወንበር አየ። «ባበክርስ?» አለ።

ጋሽ ታደሰ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

መንገዱ ያን ሳምንት ተዘጋ፤ ለረጅም ጊዜም አልተከፈተ። ስለ ባበክር ብዙ ተወራ። ወንዙን ሲሻገር አየነው ያሉ አሉ። ሱዳን ገብቷል ያሉም አሉ። ሌላ ነገር ያሉም አሉ፤ እሱን አልጽፈውም። አባቱ ከመንጌ መጡ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ እንደ ልጃቸው ረጅም ሰው ናቸው። መምህር ደረጀ ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ እጁን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ ያዙትና አልለቀቁትም። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። እጁን እንደያዙ ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ መምህር ደረጀም አብሮ ተቀመጠ፤ ክፍለ ጊዜው ደርሶ ተማሪዎቹ ሲጠብቁት እንኳ አልተነሳም። ዝውውር ሲጠይቅ የኖረው መምህር ደረጀ ከዚያ በኋላ ዝውውር ጠይቆ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጎሹ አሁን ካማሺ ያስተምራል። እኔ እዚሁ ቀርቻለሁ። ማንጎው ሥር የሚቀመጡት ሌሎች ልጆች ናቸው፤ አራተኛ ዓመቶች ሁለተኛ ዓመቶችን ይዘው ቢሮዬን ያንኳኳሉ፣ «ምን ገረመሽ?» ብለው ጠይቀው ያመጧቸዋል። እጅ በእጅ ይሰጡኛል። ከማን እንደተማሩት ብጠይቃቸው ግማሾቹ አያውቁም። ባበክር ራሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ናፍቆኛል፤ ምንም ሳላስጌጥ ነው የምናገረው። ለውዝ ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር ይናፍቀኛል።

ሹፌሩ ቀርከሃው መብቀሉን በነገረኝ ሳምንት ሁለት ተማሪዎች ይዤ ወደ አባ ባየታ መንደር ሄድኩ። አንዷ ቋንቋውን ታውቃለች፣ አንዱ አያውቅም። እውነት ነው፣ በቅሏል። አሮጌው ግንድ ጠቁሮ ተጋድሟል፤ በመካከሉ ሣር የሚመስል ቀጭን ቀርከሃ መሬቱን ሞልቶታል። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ግን አይታይም፤ ቡቃያው ውጦታል። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ያንን ቦታ ማየት አልቻልኩም።

አባ ባየታ አሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ፈዟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። የተማሪዎቼን እጅ ይዤ እጃቸው ላይ አኖርኩ።

«ከእጄ ይቀበሉ» አልኳቸው።

«እስከ መቼ?»

«ሥራቸውን እስኪጨርሱ።»

«ማን ነው የሚወስድ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ቢመጣ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። «ክፉ ጊዜ ከመጣና ልጆቹ የሚያውቁት ሰው ከሆነ ይስጡት፣ አባቴ። እኔን አይጠብቁ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጆቹን እጅ ለቀቁና በዳበሳ የእኔን ፈለጉ። ሲያገኙት አጥብቀው ያዙት።

«አንተስ?» አሉኝ። «አንተን ማን ሰጠ? አንተን ማን ይቀበላል?»

ልጆቹን እኔ ሰጠሁ፤ እኔን ግን የሰጠ ሰው አልነበረም፤ ወዴት እንደምሄድም ከሹፌሩ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

«ባበክርን ይህን አልጠየቅሁም» አሉ አባ ባየታ።

ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ፤ እጄን በእጁ ላይ አኖሩና እስከ መኪናው አድርሶ ለሹፌሩ እንዲያስረክበኝ አዘዙት። መኪናው የቆመው እዚያው፣ ከደጃቸው ፊት ለፊት ነበር።